የሻለቃ ጥርስ

ኤድመንተን፣ ሚያዝያ፤ በረዶው ሲከዳ፣
ካጥር ስር ወዳጥር ስር ሲሸሽ እንደ ባለዕዳ፣
እኔ ጆንያ ይዤ፣ ኖላዊት መቀስ ይዛ፣
ጭራሮ ልንለቅም ወጣን በጤዛ።
ለምድጃ አይደለም፤ ቤታችን በጋዝ ይሞቃል።
ለሻለቃ ነው እንጂ፤ ጥርሱ ሌት ተቀን ያድጋል።

ሻለቃ ጥንቸል ነው።
ማዕረጉን ያገኘው በነጭ ጢሙ ነው፤
የዘመተው ደግሞ በሶፋችን እግር፣
በስልኬ ገመድና በጫማዬ ክር።

ሐኪሟ ከንፈሩን ገልጣ አየችና፣
“እንጨት ስጡት” አለች፤ “ጥርሱ አያርፍምና።
ያላኘከ እንደሆን፣ ያው የገዛ ጥርሱ
ጎብጦ ይመለሳል፤ ይወጋዋል ራሱ።”

ይህን ስትል ዝም አልኩ።
እኔም በእንቅልፌ ጥርሴን አፋጫለሁ፤
ሚስቴ እንደምትለው ወፍጮ እሆናለሁ።
ምን እንደምፈጭ ግን ነግቶ አልደረስኩበትም።
የዋጥኩት ቃል ይሆን? አልተፋሁትም።

ፍሪጃችን ላይ ነው የኖላዊት ዝርዝር፤
በአረንጓዴ የሚበላ፣ በቀይ የሚቀብር።
አኻያ ይበላል። የፖም እንጨት ይበላል።
ጎርጠብም፣ ከእግረኛው መንገድ ስንጥቅ፣ ይበላል።
ያ ሰፈሩ ሁሉ የሚረግመው ቢጫ አረም፣
ለሻለቃ ከማር ከወተት አያንስም።
ቀዩ ግን ይረዝማል፦ ኮክ፣ ፕለም፣ ቼሪ፤
ፍሬው የሰው ጉርሻ፣ እንጨቱ ቀባሪ።
መኪና የሚያጤሰው፣ ውሻ የሸናበት፣
ስሙን ያላወቅነው፣ መድኃኒት ያለበት፣
ይቅርበት!

ከአጥሩ ማዶ ግን ሌላ ዛፍ ቆሟል፤
ቅርፊቱ ልስልስ ነው፤ እንቡጡ አብጦ ዓይን ይጎትታል።
ኖላዊት መቀሷን አስጠግታ ሳለ፣
“ተዪ!” የሚል ድምፅ ከጓሮ ከተፍ አለ።
አቶ ኦስታፕ ናቸው፤ ስምንት ዓመት ጎረቤት፣
እጅ ብቻ አውለብልበን፣ ጥርስ ብቻ አሳይተን የምንገባ ወደየቤት።
(ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ?)
በጥፍራቸው ጫሩት ቅርፊቱን፤ አሸተትን፤
አፍንጫ የሚይዝ፣ መራር ነገር፤ ሸሸን።
ግንቦት ሲያብብማ ከሰፈሩ ይነጣል፤
አላፊ አግዳሚውን በሽታው ይጥላል።

ከፖም ዛፎቻቸው ስር የተገረዘ ክምር ነበረ።
“ውሰዱ” አሉን። ኖላዊት እጇን ሳትዘረጋ፣
“መድኃኒት ረጭተውበታል?” አለች ረጋ።
ሽማግሌው አሰቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።
“ይኼኛውን አዎን፣ አምና፣ ለተባይ።
ያኛውን ከዝናብ በቀር ምንም አልነካው ከሰማይ።”
ጆንያችንን እየሞሉ፣
“ልጅ ሳለሁ እኔም ጥንቸል አረባ ነበር” አሉ።
“ለምን?” አለች ልጄ።
ወደኔ አዩ። ወደ ጫማቸው አዩ። ሳሉ።
“ለጓደኝነት” አሉ።
ያልጠሩትን ድስት እኔ ሰማሁት፤
ጥርሴን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት።

አሁን ሌሊት ነው። ሻለቃ ቅርፊት ይልጣል፤
ቀርጨም፣ ቀርጨም። ሳሎኑ ፖም ፖም ይሸታል።
ውሃ ልጠጣ ስነሳ በባዶ እግር፣
የተላጠ ነጭ እንጨት ረገጥኩ፤ ሲቆረቁር!
በጨለማው ብቻዬን ሳቅኩ፣
የዋልኩበትን ሳቅ፣ ጥርሴን የሚያይ ባዳ ሳይኖር።
ሻለቃ ጆሮውን አቆመ፣ አዳመጠ፤
ከዚያ ቀጠለ።