ጎማ የሚቀየርበት ቀን

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ፣
እዚህ ኤድመንተን፣ ከቀለም መደብሩ ጀርባ፣
ስልካችን አያርፍም፤ ጥያቄው አንድ ነው፤
«የበረዶ ጎማ መቼ ላሳስረው?»

እኔ ምን አውቄ!
በክሪክ አንሥቼ፣ ብሎን አላቅቄ፣
አራት አውርጄ አራት የምሰቅል፣
ከደመና ጋራ ማኅበር የለኝ፣ ዕቁብ አልጥል።
ግን ሰው ይጠብቃል፤ አፍ አፌን ያየኛል፤
ቱታ የለበሰ ነገን ያወቀ ይመስለዋል።

«ከምስጋና ቀን ወዲያ ነው» እላለሁ፤
ከአለቃዬ ከኦሬስት ነው የቀዳሁ፤
እሱም ካባቱ፤
አባቱ ከማን እንደሰሙ እንጃ፣ ሞተዋል አዛውንቱ።

አምና፣ አንድ ሐሙስ፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣
አንዲት ነርስ መጣች፤ «ገና ነው፣ አይደል?»
«ገና ነው» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ፣ እንደ ባለሙያ።
አርብ ጎሕ ሲቀድ ከተማው ነጭ ነው፤ ሰልፉ እስከ ነዳጅ ማደያ።
እሷም ከሰልፉ መሐል፣ መስታወት አውርዳ
አየችኝ። ጠበቅሁ ዱብ ዕዳ።
አልተቆጣችም። ሳቀችብኝ ብቻ፤
እኔም ጎንበስ አልኩ፣ ፈላጊ መስዬ ብሎን መፍቻ።

በረዶ እንዲህ ነው፤
የሐበሻም የለው፣ የፈረንጅም ቀጠሮ የለው።
ሲሻው ይቀድማል፣ ሲሻው ይቀራል፤
«መንገድ ተዘጋግቶብኝ» አይልም፤ መንገዱን እሱ ዘግቶታል።

ከኋላ ክፍል አለ፣ የሰው ጎማ የሚከርምበት፣
ስም ተለጥፎበት፣ ኪራይ ተከፍሎበት።
መደርደሪያ አሥራ አራት ላይ፣ ከነቸርኬው፣
ጥርሱ ያልተበላ አራት ጎማ አለ፤
የሚስተር ፔልቲየ፤ ወረቀቱ «ጥቅምት እመጣለሁ» ያለ።
ያ ጥቅምት አለፈ፤ የሚቀጥለውም ተከተለ።
ስልኩ ይጠራል፤ አይነሳም።
ሞቶ ይሆን? እንዲያ ማሰብ አልወድም።
ወይስ መኪናውን ሸጦ፣ ባቡር ለምዶ፣
ወይስ በረዶ ወደማይከርምበት፣ ወደ ውቅያኖሱ ዳር ወርዶ
ዓሣ ይጠብሳል?
ኦሬስት «እንሽጠው» ይላል፤
እኔ «አንድ ክረምት» እላለሁ፤ እሱም ይተወዋል።
በየወሩ ሄጄ ነፋሱን እለካለሁ፤ ጎደል ሲል እሞላለሁ።
የሰው ዕቅድ ነው፤ ያለ አየር አይቆምም፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ።

እኛም ቤት፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ወረቀት ለጥፈናል፤
መጀመሪያ ፈተናዬ። ከዚያ ደሞዝ ይጨምራል።
ከዚያ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ። ከዚያ የትርሲት ትምህርት።
ከዚያ፣ ከዚያ፣
«ልጅ» የምትል ቃል፣ ቦታ ጠቧት፣ ከግርጌው ጥግ ተሸጉጣ።
ማክሰኞ ማታ ትርሲት ከሥራ መጣች፤
ጫማ ሳታወልቅ፣ እስክሪብቶ አነሣች፤
ከታች ወደ ላይ አንድ ረጅም ቀስት ሳለች፤
ቃሏን ከፈተናውም በላይ፣ ከሁሉ በፊት አዋለች።
«መቼ?» አልኩ።
«ሰኔ አጋማሽ ነው አለ ሐኪሙ።»
ጣቴን ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ።
ወረቀቱ ላይ የቀረው ሁሉ እንዳለ አለ፣ እንደ ቆመ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ።
«ደሞ ሐኪም ምን ያውቃል» አለች፣ ስትስቅ፤
«እሱም እንዳንተው ነው፤ ጋዋን ለብሶ።»

ዛሬም ስልኩ ጮኸ፤ አንድ ሽማግሌ፣ ድምፁ የሻከረ፤
«መቼ ላምጣት?» አለ።
ደጁን አየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣
ቅጠሉ ገና ከዛፉ ላይ አለ።
«አላውቅም» አልኩት። «ግን ቅዳሜ ክፍት ቦታ አለን፤
ስምዎን ልመዝግበው?»
አስመዘገበ።

የኔዋ መኪና እዚያ ማዶ ቆማለች፣ በበጋ ጎማ።
ነገ እቀይርላታለሁ፤
ነገ፣ አመሻሽ ላይ፣ ካልረሳሁማ።