ከጉብታው ላይ

የማታ ተረኛ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፤
ስክሪኑ ላይ ከሩቅ አስራ አንድ ልብ ይመታል።
ደረት ላይ የለጠፍናት፣ ሲም የጎረሰች ቁልፍ፣
ትርታ ትልካለች ሸንተረሩን የሚያልፍ።

የአያ ስንሻው መስመር፣ አረንጓዴ ትልም፣
አንዴ ወጣ ወረድ፣ አንዴ ደግሞ ዝም።
ቀን ድምፁም አይሰማ፤ ቤቱ ስናን፣ ጎድጓዳ፣
ማታ አንድ ሰዓት ላይ ብቅ ይላል እንደ እንግዳ፤
መቶ ሃያ ሦስት! ቀዩ መብራት በራ።
ሦስት ማታ እንዲሁ። ሐኪሙም ተጠራ፣
ክኒን ተጨመረ፣ ጨው ተከለከለ፣
ቁጥሩ ግን ያው ነው፣ ከዚያው አልጎደለ።

አራተኛው ማታ ደወልኩኝ፤ «የት ነዎት?»
ያለከልካሉ አያ፤ ንፋስ ከኋላ ከፊት።
«ጉብታው ላይ ነኝ ልጄ፤ እዚህ ነው ኔትወርኩ፣
ልቤን ልልክልሽ ነው ዳገት የቧጠጥኩ።»

ሳቅሁ፤ ወዲያው አፈርኩ። ማሽኑ ዳገት አያውቅ፣
እኔስ የዚያ አገር ልጅ፣ ምን ነካኝ ሳልጠይቅ?
«እስቲ ድንጋይ ላይ ትንሽ ይቀመጡልኝ።»
«ጅብ አለ እዚህ ልጄ፤ ቶሎ ቁጠሪልኝ!»

ስለ ገብሱ ጠየቅሁ፣ ስለ ውሽንፍሩ፣
መቶ አራት፣ ዘጠና… ቀስ አለ ቁጥሩ።

ዛሬም ዳገቱን ሲወርዱ መስመሩ ዝም ይላል፤
ኔትወርክ ነው፣ አውቃለሁ።
የኔው ልብ ይደልቃል።