ጠብቆ የሚነበብ

መጀመሪያ ፊደል አሳደግኩ፦ ሁለት እጥፍ፣ አራት፣ ስምንት፣
ጥቁር ላይ ቢጫ፣ እንደ ለገሃር የሌሊት መብራት።
ስክሪኑ ለቃል ጠበበ።
ቃሉ እንደ ባቡር በመስኮት አለፈ፣ ፉርጎ በፉርጎ፣
ጭራው ሲደርስ ራሱ ከልቤ ጠፍቶ።
አንድ ቀን «ደ» ብቻዋን ቆመች፣
ሁለት እግሯን አንፈራጣ፣
ከደወሌ ትሁን ከደቻቱ ሳትነግረኝ የመጣች።
ከዚያ እሷም ሄደች።

የገዛሁት አንባቢ ነበር። አልገዛሁትም፣ ልንገራችሁ፣
የተሰረቀ ነው። ዋጋው የሁለት ዓመት ደሞዜ።
አርባ ደቂቃ ያነብና ዝም፣
ደብዳቤው መሀል፣ አረፍተ ነገሩ መሀል፣
አፉን እንደተያዘ ምስክር።

ታይዋን ገበያ፣ ከሽቶውና ከጨርቁ ጀርባ፣
ፈይሰል አሮጌ ኮምፒውተር ያስነሳል፣ በጅቡቲ የገባ።
«ይኼ አይሸጥም» አለኝ። «አቦ ኢፍቱ፣ ዝም ብለሽ ውሰጂው፣
ሆዱ ክፍት ነው፤ ያልጣመሽን ብሎን ፍቺው።»
ቁልፍ ተጫነ፣ ድምፅ ወጣ፤
አፍንጫው የተደፈነ፣
ፊደላችንን እንደ ሽንብራ ቆሎ የሚቆረጥም።
ሳቅኩ። ከስንት ወር በኋላ።

እጄ መንገዱን ለመደ፣
ሠራሁበት፣ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ የውሃ ቢሮ ደብዳቤ፤
ብቻ አማርኛን ሁሉ አላልቶ ነው የሚያነበው።
የውሃ ልማት ዋና ቢሮን የዋናተኛ አደረገው።
ገናን «ገና» ይለዋል፣
በዓሉ አይደርስም።

አባቴ የባቡር ፋብሪካ ሰው ነበር።
በትንሽ መዶሻ መንኮራኩሩን ቀጭ፣ ቀጭ፣
ጆሮውን ሰጥቶ፣
«ላልቷል» ይላል። ወይም «ጠብቋል፣ ይሂድ»።
የአማርኛ አስተማሪያችን ያንኑ ቃል ስትደግመው
ቃልም ብሎን አለው? ብዬ ጠየቅኩ፣
ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ።

ድል ጮራ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ
በየማለዳው አንድ መስመር ጻፍኩ፦
ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ከዚያ «አባቴ አለ።»
አስራ ዘጠኝ ቀን። ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም።

ባለፈው ሰኔ ሳላስብ ፋይሉን ከፈትኩት።
ድምፁ፣ ቆሎውን እያኘከ፣
አላልቶ አነበበው፦
«አባቴ አለ»
ጠበቅኩ፣
ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ደቻቱን እንደሚያዳምጥ ሰው።
ምን አለ?
«አራት ነጥብ» አለ ድምፁ።
«ሠላሳ አራት ዲግሪ። አባቴ አለ። አራት ነጥብ።»
አስራ ዘጠኝ ጊዜ ሊነግረኝ አፉን ከፈተ፣
አስራ ዘጠኝ ጊዜ አራት ነጥብ ዘጋው።

ፈይሰል መጣ፣ በርጫውን ትቶ፣ አንድ ጉንጩ እንደሞላ።
የቃላቱን ፋይል ከፈተው፤ ቁልፍ የለውም፣ ባለቤት አይጠራም፣
የማናውቀው ሰው የጻፈውን ሌላ የማናውቀው አርሞታል፣
እኛም ከስሩ ገባን።
ዋናን አጠበቅነው። ቢሮው ከውሃ ወጣ፣
ዋናተኛ ይቅር፣ በዚህ አሸዋ ማን ሊዋኝ መጣ።
በገና ትንሽ ተጨቃጨቅን፣
ከዚያ «አለ» ላይ ደረስን።
«አንዱን ምረጪ» አለኝ። «ሁለቱን ገና አይችልም።
ካጠበቅኩት ሰው ሁሉ ይኖራል፣ ማንም ምንም አይልም።
ከተውኩት
ሁሉም ይላል፣ ማንም የለም።»

ውጭ ባጃጅ ተራ ይጣላል፣
የኒሙ ፍሬ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
«እህ? ላጥብቀው?»
ጣቴን ኢንተሩ ላይ አሳረፍኩ፣ ሳልጫን፣
ጆሮዬን ሰጥቼ።
«ጠብቅ» አልኩት።
«አጥብቅ ነው ያልሽው?»
አልመለስኩለትም።