የድንኳን ግሥ

ቀን ቀን የጀልባ ሞተር እፈታለሁ፣
ማታ ማታ ግሥ እፈታለሁ፤
ሽምብጥ፣ ከኪራይ ቤቴ፣ መብራት ሲሄድ በኩራዝ፣
እጄን ሁለቴ ታጥቤ፣ ገጹ ግን አሁንም ጋዝ ጋዝ
ይሸታል። መጽሐፌ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ገጽ አርባ ሁለት የለውም።
ቋንቋው ጽርእ ነው፤ መምህር የለኝም፤ ስሳሳት የሚቆጣኝ የለም።

የመጀመሪያው ወር ውርደት ነበር። ፊደል ቆጥሬ ያደግሁ ሰው፣
በአርባ ዓመቴ እንደገና ሀ ብዬ፣ ሀውም ሀ አይደለም፣
በአፌ ውስጥ ስሰባብረው፣
ውባለም ከአልጋዋ ሆና «ማንን ነው የምትረግመው?»

ከዚያ አንድ ማታ የልጅነት ዳዊቴን አውርጄ፣
የመዝሙሩን ቁጥር ከዚያ ፊደል ጎን ወስጄ
ባስተያየው፦ ፩ አልፋ፣ ፪ ቤታ፣ ፫ ጋማ ናቸው!
ከላይ ከታች ሰረዝ ብቻ እንደ መቀነት የታጠቃቸው።
ለካ የኔታ ክንፈ በአለንጋ እያስቆጠሩኝ፣
ሳያውቁት ጽርእ ኖሯል ያስተማሩኝ።
ለካ ይኼ አንድ እግሩ የሚያነክስ ጠረጴዛ፣
ስሙ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል፤ እኔ ከአናጢ ስገዛ
በእንጨቱ ነበር የተከራከርሁት።

መቅድሙ ደግሞ፣ ያ ቃል መጀመሪያ የተጻፈው
በደንገል ላይ ነው ይላል። ይኸው ከደጃችን ያለው፣
ታንኳ ሆኖ ከዘጌ እንጨት የሚጭነው፣
ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ለፀሐይ የሚሰጣው።
በማግስቱ አንድ አገዳ ቆርጬ ላጥሁት፤ ውስጡ ነጭ ነው፤
በእርሳስ ስሜን ጻፍሁበት።
አልያዘም።

ሰኞ ለት አንድ ግሥ ላይ ተሰናከልሁ።
ቃል ሥጋ ከሆነ በኋላ ያደረገውን ሲናገር፣
የኛ ግእዝ «ኀደረ» ባለበት ስፍራ
ጽርኡ «ኤስኬኖሴን» ይላል፤ ድንኳን ተከለ።
ቤት አይደለም። መሠረት አላኖረ፣ ግድግዳ አልመረገ፤
ካስማ መትቶ፣ ገመድ ወጥሮ፣ በጨርቅ ተጠለለ።
ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቅር አለኝ፤
የጥንት ተርጓሚዎቻችን ድንኳኑን የት ጣሉብኝ?
«ኀደረ»፣ «ኀደረ» ስል፣ እንቅልፍ ጎረቤት አደረብኝ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ባየልኝ ሞተ፤
መነኮሳትንም ፈረንጆችንም ወደ ደሴቶቹ ያመላልስ የነበረው።
ሞተሩ ገና ከኔ ዘንድ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል።
የእድሩ ድንኳን በባጃጅ አናት ታስሮ መጣ፤
ሸራው ላይ የተጻፈው የእድሩ ስም ግማሹ ለቅቋል።
ካስማውን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ከደጄ ፊት፣ ከመንገዱ መሃል፤
ባጃጁ ሁሉ ሳያኮርፍ በሌላ ዞረ።
ድንኳን ሲተከል፣ መንገዱ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅ።

ማታ ሰዉ ተበተነ። የእድሩ ጸሐፊ የወንበሩን ቁጥር አስፈርሞ ሄደ።
እንዬ፣ ሚስቱ፣ ድምፅዋ አልቆ፣ በእጇ ጠቀሰችኝ፤
«ታድራለህ?»
«አድራለሁ።»

ይኼኔ ነው ግሡ የተፈታልኝ።
ጽርኡ መምጣቱን ነግሮኝ ነበር፣ ግእዙ አለመሄዱን፤
እኔ ግን ሰኞ ለት በሁለቱ መሃል
ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ ነበር።

ሌሊት ከጣና ነፋስ መጣ። ሸራው ተነፋ፣ ተኮማተረ።
አንድ ሽማግሌ ካርታውን እንደያዘ አንቀላፋ።
ወጥቼ የላላውን ገመድ አጠበቅሁ፤
ስመለስ እንዬም ትንሽ አሸልባለች።

ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ተነሣ።
ካስማዎቹን ለንብረት ያዡ ስመልስ፣
፩፣ ፪፣ ፫ እያልሁ፣ አንድ ጎደለ፤
በመዶሻም በእጅም አልነቀል ብሎ
ደጄ ላይ አደረ።