የደቻቱ ልክ

ደቻቱ ደረቅ ነው፤ አሸዋ ነው ወንዙ፣
ግመልና ባጃጅ በላዩ ሲጓዙ።

ስምንተኛ «ለ»ዎች ዘጠኝ ሆነን ወጣን፣
ቀለም ከትምህርት ቤት፣ ሜትር ከቤት አመጣን።
ቲቸር ናስር አሉን፦ «ለሰፈሩ አሳዩ፣
ውሃው የሚይዘውን ከታች እስከ ላዩ።»

ከፊራ ጥጉ ጋ፣ ከሽንኩርት ሻጯ በር፣
ሐምዲ ተንበርክካ አሰመረች መስመር፤
ከጉልበት ትንሽ ከፍ፣ በማስመሪያ ቀና።
እኔም ወረቀቴን ዘረጋሁትና፦
«ዛፉ ካልተተከለ፣ ካልጸዳ ቦያችን…»
እያልኩ እንደ ዜና፣ ተነፍቶ ደረታችን።

አዴ ፈይሩዝ ሰማች። ሚዛኗን አኑራ
በርጩማ ላይ ወጣች፤ ሳትቆጣ፣ ሳትኮራ
ብሩሹን ተቀብላ፣ ወደ ላይ ተንጠራርታ፣
ጠማማ መስመር ሳበች፣ ለቆርቆሮው ተጠግታ።

«ይህን ሚስማር» አለች፣ «በግራዬ ይዤ፣
በቀኜ ደግሞ…»
አልጨረሰችም።
እኛም አልጠየቅን።

ወረቀቴን አጠፍኩ። ሐምዲ ጨርቅ ፈልጋ
የኛን መስመር ፋቀች፣ ቀለሙ ሳይረጋ።

ቀጣዩ በር ላይ ግን ንግግሩ ቀረ፤
ብሩሹን አቀበልን፤ ባለቤቱ ጀመረ።

ማታ ከድልድዩ ሰፈሩን ስናየው፣
ደረቁ ወንዝ ሰማያዊ፣ ከራስ በላይ ነው።