ሦስት ንጉሥ ስትበላ

ሐምሌ ነው። ፒያሳ ዝናቡ ይወርዳል፤
የአጣናው ፀጉር ቤት ቆርቆሮው ያብዳል።
ደንበኛ የለምና መቀሱ ተሰቅሎ፣
የመስተዋቱም ፊት በፎጣ ተከልሎ
(የሰው እጅ ያሳያል፣ አይታመንም ተብሎ)፣
አራት ወንበር ቀርቧል፤ ሦስቱን ሰው ይዞታል፣
አንዱ ግን የባዩህ ነው፤ ከፋሲካ ወዲህ ባለቤት ጠፍቶታል።

ባዩህ ረዳት ነበር፣ ጋሽ ጓንጉል ሾፌሩ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የመተማን መንገድ አብረው የበረሩ።
ከኋላ በር ቆሞ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሲመታ፣
አንዴ ከሆነ "ቁም"፣ ሁለቴ ከሆነ "ሂድ"፤
ማታ ማታ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው ካርታ።

"ና ቁጭ በል" አሉኝ ጋሽ ጓንጉል፣ ወንበሩን በአገጭ ጠቁመው።
እኔ ማዶ ካለው ባንክ ብር ቆጣሪ ነኝ፤ ጎንደር ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው።
"ብሪስኮላ ይባላል። ጣሊያን ጥሎት ሲሄድ እኛ ያነሣነው።"
ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥርን ከካርታው ለይተው ኪሳቸው አስገቡ፤
የቀሩትን አርባ በውዘው በውዘው ለየሰው ሦስት ሦስት አቀረቡ።

"አሶ ትልቋ ናት። ሦስት ትከተላለች።
ንጉሥ ከሷ በታች።"
"ሦስት? ንጉሥን?"
"አዎን፣ ትበላዋለች።
አዛዥ ከሆነች ደግሞ፣ ሁለቷም ብትሆን፣ ዘውዱን ታወርዳለች።"
ከመስኮቱ ማዶ የፋሲል ግንብ ጉሙን ተከናንቦ ቆሟል።
ጥሩዓለም ሳቀች፦
"ያንን የሠሩ ሰዎች ይህን ጨዋታ አላወቁም" አለች።

የመጀመሪያው ሳምንት። ጋሽ ጓንጉል በአሶ ያዙ፤ ዙሩ የእኛው ሆነ።
እኔ በላዩ ላይ የአዛዡን ንጉሥ ደረብሁ፣
አሸነፍሁ ብዬ፣ ልቤ እየገነነ።
ዝም አሉ። ቆርቆሮው ብቻ ጮኸ፤
አጣናው አፉን በካርታው ሸፈነ።

በአንድ ጃንጥላ ሆነን የፖስታ ቤቱን ጎን ስንወርድ በጨለማ፣
"ልጄ" አሉኝ፣ "የያዝሁልህን መልሰህ ለምን ትማርካለህ? ስማ፤
እኔ ዙሩን ስይዝ ያለህን ትልቅ ጣልልኝ፣ አትሰስት።
መያዜን ግን አልነግርህም፤
ቅንድብ የለ፣ ሳል የለ፣ ጥቅሻ የለ፤ ክልክል ነው ምልክት።"
"ባዩህስ እንዴት ያውቅ ነበር?"
ጥቂት ተራምደው፣ "እንጃ" አሉ፣ "እኔ የማየው መንገዱን ነበር።"

ነሐሴ ገባ። በየማታው ተሸነፍን፤ የተሸናፊ ዕዳ ቆሎ ነው፤
ስንት ጣሳ እንደገዛሁ የሚያውቀው ባለሱቁ ነው።
ቀስ በቀስ ግን አየሁ፦
እጃቸው ባዶ ሲሆን አውራ ጣታቸው ይቸኩላል፤
መልካም ሲይዙ ትንፋሻቸው፣
ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደያዘ ሰው፣ ረጋ ይላል።
ይህን ማንም አልከለከለም።

መብራት በጠፋ ማታ፣ በሻማ፣
በየእጃችን ሁለት ሁለት ካርታ ቀረች፤
ስልሳ አንድ የሞላ ያሸንፋል፤ ሚዛኗ ጫፍ ላይ ደርሳለች።
ጋሽ ጓንጉል ካንዷ ወደ አንዷ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤
እኔ ሳላስበው፣ ማን እንዳስተማረኝ እንጃ፣
ጣቴ ጠረጴዛውን መታ፤
ኳ፣ ኳ።

ቀና አሉ። ሻማዋ በዓይናቸው ውስጥ ሁለት ሆነች።
"ምልክት ሰጠ!" ብላ ጥሩዓለም ካርታዋን ወረወረች።
እውነቷን ነው። ሕግ ሕግ ነው፤ አልተከራከርንም።
ጋሽ ጓንጉል በጣታቸው መሀል የያዟትን ገለጡ፦
የአዛዡ ሦስት ናት፤
ሊጥሏት ነበር፣ እኔ ሳልመታም።

"ቆሎውን ዛሬ እኔ" አሉና ኮታቸውን ደረቡ፤
ደጁ ላይ ቆመው አዩት፤ አላባራም ዝናቡ።
የበሩን ቆርቆሮ በመዳፋቸው መቱት፣
ሁለቴ፤
ሄዱ።