ሰረዝ

ሻርጃ፣ ከጎማ ሱቁ ጀርባ፣
የሊፍት ሰሌዳ ጠረጴዛዬ ላይ ተንጋሎ፤
ልቡ አሮጌ ሚፕስ ነው፣ የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆየ።
ሱኩማራን «ለጁምዓ ይነሣ» ብሎኝ ሄደ፣ ቁልፉን ምስማር ላይ ሰቅሎ።

አሰምብለሩ አይጠይቅም፤ ካልነገርሽው በገዛ ልማዱ ይሄዳል፤
ሲሳሳትም አያፍርም፣ ሊፍቱ ግን ምድር ቤት ሲሉት ሽቅብ ይወጣል።
ስለዚህ አንዲት ሰረዝ፣ ከሰረዟ ቀጥሎ ፊደል፦
ትልቁ ባይት ይቅደም ወይስ ትንሹ?
ትናንት ትንሹን አስቀድሜ
አራተኛው ፎቅ ተገልብጦ ስልሳ ሰባት ሚሊዮን ሆነ።
ብቻዬን ሳቅሁ።
እናቴ ትብለጥ ያለችኝ ለዚህ ይሆን?
መታወቂያዬ ላይ ስሜ በሁለት ወገን ይነበባል፤
ከቀኝም ከግራም ሲመጣ፣ መሀል ላይ አሠሪዬን ያገኛል።

ማስጠንቀቂያን ዝም የሚያሰኝ ሰረዝም አለ።
እሱን አልነካውም።
መጀመሪያ በገባሁበት ቤት ሦስት ዓመት ዝም ተሰኝቻለሁ፤
እያንዳንዷን መስመር አነባለሁ፣ ለእያንዳንዷ እመልሳለሁ።

ለዜሮ ማካፈል ቢመጣስ? ለእሱም ምርጫ አለ፤
ወጥመዱን መረጥሁ።

ይህ ፕሮሰሰር አንድ አመል አለው፤
«ዝለል» ካልሽው በኋላ እንኳ
ከሥሩ የተጻፈችውን አንዲት ትእዛዝ
ሳይፈጽም አይዘልም።
አሰምብለሩን «ቅደም ተከተሌን አትንካ» አልሁት፣
ቦታዋን ራሴ ልሞላ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ሰሌዳው አረንጓዴ አበራ።
የዓርብ ትኬቴ ስልኬ ውስጥ ነው፣ ዝላዩ ታዟል።
ቁጭ ብዬ ለሱኩማራን
ሰረዞቹን በካርቶን ክዳን ላይ ጻፍሁለት፦
ምን እንደሚሉ ሳይሆን፣
ለምን እንደመረጥኋቸው።